ውሃ ላይ ማን ይኖራል?

የእህቴ ባል ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ቤቴ ሲመጣ ወንበር አቀርብለታለሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ያርፍና ወዲያው መስኮቱ ጋ ነው፣ ከመስኮቱ በሩ ጋ፣ ከበሩ ኮሪደር። ስልኩ ከእጁ አይለይም። እንደ ሰው መልእክት ሊያነብበት መሰላችሁ? ኔትወርኩን ሊያይ ነው። "እዚህ ጥግ ጋ ደከም ይላል" ይለኛል፣ የገዛ ቤቴን። ሻይ የቀረበለት ሰው አመሰግናለሁ ነው የሚለው እንጂ ቤትዎ ደከም ይላል ይላል? ሽክርክሪት ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አሁን መሥሪያ ቤቱም በዚሁ ነው የሚጠራው።

የሚተዳደርበት ሥራ የሰው ጥሪ ለምን እንደሚቋረጥ መፈለግ ነው። እያወራችሁ መሃል ላይ "ሄሎ! ሄሎ! ትሰማኛለህ?" ብላችሁ ጮኻችሁ፣ በመጨረሻ ስልኩን ራሱን የምትረግሙበት ጊዜ አለ አይደል? እሱ የዚያን ምክንያት ሲያድን ነው የሚውለው። መኪና ውስጥ ከኋላ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ስልኮች ብረት ላይ ተደርድረው ታስረዋል። ስልኮቹ ቀኑን ሙሉ ራሳቸው እየተደዋወሉ፣ ትንሽ ቆይተው እየዘጉ፣ እንደገና እየተደዋወሉ ይውላሉ። አንድም ቃል አይነጋገሩም። "እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት" ብዬው ነበር አንዴ፤ መኪናውን የሚነዳለት ሾፌር ሳቀ፣ እሱ አልሰማኝም። መኪናው በሄደበት ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ያለው ካርታ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከደከመ ቢጫ፣ ጥሪው ከተቋረጠ ቀይ። ቀይ ባየ ቁጥር "ተመለስ፣ እንደገና እንሂድበት" ይላል። ሾፌሩ የረጋ ሰው ነው። "ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን አዙሮ ይደፋኛል" እያለ ይመለስለታል።

ከእህቴ ጋር የተገናኙትም በዚሁ ነው። እሷ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ የክሊኒኩ ስልክ ይቋረጣል ተብሎ ሊያይ መጣ። ችግሩን በመጀመሪያው ቀን አገኘው። ግን በማግስቱም መጣ፣ በሳልስቱም፣ "ላረጋግጥ ነው" እያለ። ምን እንደሚያረጋግጥ ከእሱ በቀር የገባው ሁሉ ነበር። እህቴ ላገባው ነው ስትለኝ "ልጄ፣ ይሄን ሰው አግብተሽ የት ታገኚዋለሽ?" አልኳት። "ይደውልልኛል" አለችኝ።

ለእኔ እንዳስረዳኝ፣ ሰው እየሄደ በስልክ ሲያወራ ጥሪው ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው፤ ሕፃን ከእቅፍ ወደ እቅፍ እንደሚተላለፈው። ተቀባይ ከሌለ ወይም ሰጪው ተቀባዩን ካላወቀው መሃል ላይ ይወድቃል። ተቋረጠ ማለት ይኼው ነው። ይህችን ለማስረዳት ስንቴ እንደተነሳና እንደተቀመጠ አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበረች ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እህቴም ናት፣ ልጄም ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልሆነላትም። ሦስተኛው ሲመጣ ሐኪሙ እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀኗን በር ዘግቶታል አላት። "ትተኛለሽ። ደረጃ መውጣት መውረድ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም። ደም ካየሽ ለደቂቃ ሳትቆዪ ሰው ጠርተሽ ሆስፒታል ትመጫለሽ። ከዘገየሽ ግን አንቺም ልጁም..." ብሎ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ በሆዴ ጨረስኩት።

የሚኖሩት ከከተማው ሐይቅ ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እሱ ቀን ቀን ከተማውን ያስሳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቄ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ጠዋት አይቻት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ዘግቼ እመጣለሁ። በመሃል አብሯት የሚውለው ስልኳ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ይቋረጣል! "እታለም፣ ዛሬ ወገቤን..." ትልና ጭጭ። ወገቤን ምን? ጨርቅ በእጄ፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ ድርቅ ብዬ እቀራለሁ። መልሼ ስደውል ያቺ ሴትዮ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ብላ ትጀምራለች። አንድ ቀን እንዲሁ ሆኖ፣ የሙሽራ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ሱቄን ዘግቼ፣ በሁለት ታክሲ ተንገብግቤ ስደርስ፣ እህቴ ጋደም ብላ "ወገቤን ቆርጦኛል፣ ስትመጪ ትራስ ያዢልኝ ልልሽ ነበር" አለችኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ሲመጣ ጠበቅኩት። "ስማ፣ የሰውን ስልክ ስታክም ትውላለህ፣ የሚስትህ ይቋረጣል። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ያሉት ላንተ ነው።"

አልተቆጣም። በማግስቱ ስልኳን ቀየረላት፤ ተቋረጠ። ሲም ካርዷን ቀየረላት፤ ተቋረጠ። አልጋዋን ከግድግዳው አርቆ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ ጭራሽ ባሰ። ቀጥሎ፣ ከነዋሪው አንዱ ኔትወርክ ይስብልኛል ብሎ በድብቅ ያስገባው መሣሪያ ይሆናል የሚረብሸው ብሎ፣ በየበሩ እያንኳኳ የሰው ኮርኒስ ማየት ጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ከላይ እስከ ታች አይተውት "ልጄ፣ ቆጣሪ አንባቢ ነህ ወይስ ሌባ?" አሉት። "ያራተኛ ፎቁ ነኝ" ቢላቸው "እሱንማ አውቃለሁ፣ ስትራመድ ነው የምታድረው" አሉት።

መኪናውን ይዞ ሕንፃውን ዞረው፣ ዞረው፣ ዞረው። መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ለመድኃኒት የሚሆን ቀይ የለም። አለቃው ካርታውን አይቶ "ሰፈሩ ጤነኛ ነው፣ አቤቱታውን ዝጋው" አለው። ተጣሉ። ሾፌሩ እንደነገረኝ ድምፃቸው ጊቢው በር ድረስ ተሰምቷል። የሚገርመው ግን እሱ ራሱ ለዓመታት እንደዚያ እያለ ነው ሲዘጋ የኖረው። ሰው ስልኬ ይቋረጣል ሲል ሄደው መንገዱን ይለካሉ፤ መንገዱ ደህና ከሆነ የተሳሳተው ሰውየው ነው። አሁን ግን ሰውየው ተብላ የመጣችው የገዛ ሚስቱ ሆነችበት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ሾፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ወደ ውስጥ ስገባ እነዚያ ስልኮች ከነብረታቸው ከመኪናው ተነቅለው አልጋዋ አጠገብ ቆመዋል፤ ሽክርክሪት ላፕቶፑ ፊት ተንበርክኳል። "እትዬ፣ ይምጡ፣ ይዩት!" አለኝ። ምኑን ነው የማየው? ቁጥር ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ታች መንገዱ ላይ ያለ ስልክ ዙሪያውን ሕንፃ ስለሚጋርደው የሚሰማው ቅርብ ያሉትን ታወሮች ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ ግን የሚጋርደው ስለሌለ የከተማው ታወር ሁሉ ይጮህበታል። ከሁሉም የከፋው ከሐይቁ ማዶ ጋራው ላይ ያለው ነው። ውሃ ላይ የሚያግደው የለም፤ ሽው ብሎ መጥቶ በእህቴ መስኮት ይገባል። ስልኳም ይይዘዋል። ትንሽ እንደተወራ የማዶው ይደክማል፤ ለሌላ ላስተላልፍ ቢል፣ በጣም ሩቅ ስለሆነ እዚህ ያሉት ታወሮች ጎረቤቱ ተብለው አልተመዘገቡለትም። ማን ይቀበለው? ይወድቃላ።

"ታዲያ ከሐይቅ ማዶ ነው ስደውል የከረምኩት?" ብላ እህቴ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ናፍቆኝ ነበር።

በማግስቱ አለቃው ጋ ገብቶ የማዶው አንቴና ወደ ታች ይደፋ አለ። አለቃው "ከጋራው ሥር ያለው መንደር እንዳይጎዳብን" ቢለው "መንደሩማ እንዲያውም ይሻለዋል፤ የሚቀርበት ውሃው ነው። ውሃ ላይ ማን ይኖራል?" አለ። ይህን ያለው እሱ ነው፣ አለቃው አይደለም፤ ልብ በሉልኝ። ሠራተኞች ታወሩ ላይ ወጥተው ብሎኑን ፈትተው አንቴናውን ደፋ አደረጉት።

ስልኩ ሰከነ! እህቴ እየደወለች የማይረባ ወሬ ታወራልኝ ጀመር። ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ያሰጣችው ልብስ ነፋስ ወስዶባት ዛፍ ላይ መሰቀሉን፣ ሕፃኑ በየትኛው ጎኗ እንደሚራገጥ፣ አስተማሪው ደረጃ ላይ ቆመው ከማን ጋር እንደተከራከሩ። "በቃሽ፣ ሥራ አለብኝ" እላታለሁ፣ ደስ እያለኝ። እሱ እንኳ አንድ እሁድ ሻዩን ተቀምጦ ጨረሰ። ሰው ሲያየው ሊነሳ ይችላል ብዬ ፊቴን አዞርኩለት።

ደስታ ግን መች ይበረክታል። አንድ ቀን ስደርስ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ተያይዞታል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጥተው ነበር አለ፤ ስልካቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ። ከሸምበቆው ካለፍን ስልካችን ሞተ ብለው ነው። ድሮ መሃል ሐይቅ ላይ ሆነው ቤታቸው ይደውሉ ነበር፤ ነፋስ ሲነሳም ከዳር ያለው ሰው እየደወለ "ውጡ" ይላቸው ነበር። አሁን የወንድማቸው ልጅ የጀልባው ሞተር ቆሞበት፣ ቢደውል ቢደውል እምቢ ብሎት፣ ነፋስ ወስዶ ወስዶ ከድንጋይ ጋር አላትሞታል። እግሩ ተሰብሯል፣ ነፍሱ ተርፋለች።

"እኔ ነኝ" ይላል እየዞረ። "አለቃዬ መንገዱ አረንጓዴ ነው ሲለኝ አፌ እንዳመጣ ተናገርኩት። እኔስ? ከእሱ በምን ተሻልኩ? መኪናዬ ፎቅ አይወጣም አልኩ፤ ውሃ ላይስ መች ሄዶ ያውቃል?" ከዚያ ቆመና "መልሼ ቀና አስደርገዋለሁ" አለ።

ደሜ ፈላ። "እንዴ! የዓሣ አጥማጆቹ አያቶች በስልክ ነው ዓሣ ያወጡት? ይቺ ልጅ ትውለድና ከፈለግህ ሰማይ ድረስ ቀና አድርገው! ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፣ ሦስተኛ አላለቅስም!"

የመለሰችልኝ እህቴ ናት፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ። "እታለም፣ የዚያ ልጅ እናትም እኮ ስልኳን ይዛ ስትጠብቅ ነበር። እንዳንቺ።"

ምን ትሏታላችሁ? ንዴቴ ግን አልበረደም። "አንቺ መቼም!" ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ንጹሕ ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ።

ስመለስ መላውን መትተውታል። "ታች መንገዱ ላይ ስልኩ ይሠራል አይደል?" አለችኝ እህቴ። "እንግዲያው አውርዱኝ። አንቴና ያወረዳችሁ ሰዎች እኔ አቅታችኋለሁ?" ሕንፃው ሥር ፀጉር አስተካካይ ለቆት የሄደ ባዶ ክፍል ነበረ፤ አከራያቸው እስክትወልድ ተኙበት አሉ። ሐኪሙን ጠየቅን፣ አንድም ደረጃ በእግሯ እንዳትረግጥ አለ። ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በነጠላ... ምን ነጠላ፣ በሱቄ ጥቅል ጨርቅ ወገቧን ከወንበሩ አስረን፣ ባሏ ከፊት ሾፌሩ ከኋላ ሆነው ተሸከሟት። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ እኔ ከላይ "ቀስ! ቀስ በሉ እናንተ!" እላለሁ። አስተማሪው በራቸውን ከፍተው "ዛሬስ የማንን ሚስት ነው የምትሰርቀው?" አሉት፤ ወዲያው ግን ወጥተው የወንበሩን አንድ እግር ያዙ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የፀጉር ቤቱ መስታወቶች እንደተሰቀሉ ናቸው። የፊቱን መስኮት በጨርቅ ጋረድኩት። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና በየመስታወቱ ራሷን አየችና "ብቻዋን ናት እያላችሁ ስትጨነቁ፣ ይኸው ስንት እርጉዝ ሆንን" አለች።

የማዶው አንቴና በዚያው ሳምንት ቀና አለ። ሽክርክሪት ግን መች በቃኝ ይላል። በካርታ አላምንም ብሎ፣ ስልኮቹን ጀልባ ላይ ጭኖ፣ ከእኚያው ሽማግሌ ጋር ሐይቁን ሊለካ ወጣ። ዋና የሚባል ነገር አያውቅም እኮ! "ከሰጠምክ በማን ስልክ ነው የምትነግረን?" ስለው "ያኔም ኔትወርክ መኖሩን አረጋግጣለሁ" ብሎኝ ሄደ።

ያን ቀን ጠዋት ለእህቴ ቁርስ እየሰጠኋት ነው። ማንኪያውን አስቀመጠችው። "እታለም" አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ብርድ ልብሱን ስገልጠው አንሶላው ቀልቷል።

እንዴት መንገዱ ላይ እንደደረስኩ አላውቅም። ስጮህ የቆመልኝ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነው። የዳቦውን መኪና ሾፌር እየጎተትኩ ስመለስ እህቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። እሱ ነው፣ መሃል ሐይቅ ላይ ሆኖ አንስቶላታል። ከዚያ ውሃ ወጥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ሆስፒታል ቀርቶ ሌላ አገር በደረስን። ያለን ድምፁ ብቻ ነው።

ከዳቦ ሣጥኖቹ መሃል ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት፤ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነው። ላብ በላብ ሆናለች፣ እጇ ግን በረዶ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።

"አለሽ?" ይላል።

"አለሁ" ትላለች።

"የት ደረሳችሁ?"

"አደባባዩን አለፍን" እላለሁ እኔ።

"አሁን ድልድዩ ጋ ድምፄ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ እንዳትደነግጪ፣ ወዲያ ያለው ታወር ይቀበልሻል።" እውነትም ተንኮሻኮሸና ጠራ። "አለሽ?"

"አለሁ።"

"ቀጥሎ ገበያው ነው። ሰው ይበዛበታል፣ ድምፄ ይቀጥንብሻል። እዚሁ ነኝ።"

ቀጠነ፤ ግን ነበረ። ዞሮ ዞሮ የኖረበትን መንገድ፣ ቀይ ሆኖ ያገኘውንና አረንጓዴ ያደረገውን እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ ከእኛ በፊት እየደረሰ ይነግራታል። እህቴ ዓይኗን ከድና ትሰማዋለች። እያንዳንዱ "አለሁ" ከበፊቱ እየሰለለ ነው። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ያንን ሰውም እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ይኸው ተናገርኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ስልኩን ከእህቴ ጆሮ አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። አልጋውን እየገፉ ወሰዷት፣ በሩ ተዘጋ።

"አለሽ?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "አስገብተዋታል።"

"እትዬ፣ በሞቴ እንዳትዘጊው" አለኝ። ከተዛመድን ጀምሮ እርስዎ እንጂ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። "አልዘጋውም" አልኩት።

ኮሪደሩን ከዳር ዳር ተመላለስኩበት። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ መንገድ ትለቅልኛለች። ስለ ዳቦው መኪና ነገርኩት፣ ሾፌሩ ቀይ መብራት ጥሶ እንዳለፈ ነገርኩት፤ ስለ አንሶላው አልነገርኩትም። ወሬ ሲያልቅብን፣ በእሱ በኩል ሞተሩ ሲያጓራ፣ ውሃው ጀልባውን ሲመታ ይሰማኛል። አልፎ አልፎ "አለሽ?" ይላል፣ "አለሁ" እለዋለሁ።

ነርሷ የወጣችው ተስፋዬ ከተሟጠጠ በኋላ ነው። ሴት ልጅ ናት አለች። ያለ ጊዜዋ ስለመጣች የሙቀት ክፍል ትገባለች፣ ግን ጮኻለች። እናትየው ብዙ ደም ፈሷታል፣ ደም ተሰጥቷታል፣ ተርፋለች።

"ሰማህ?" አልኩት። "ሴት ናት! ሁለቱም አሉ! ሰማህ ወይ?"

ጭጭ።

"ሄሎ? ሄሎ!" አሁን? ልክ አሁን? መሥሪያ ቤቱንም፣ ታወሩንም፣ እሱንም ልራገም አፌን ስከፍት ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዱ እየቆጠረ ነው። አልተቋረጠም። ከዚያ የማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"እመቤቴ፣ ሰምቷል፣ ሰምቷል። እያለቀሰ ነው፣ መናገር አቅቶት ነው። ትንሽ ይታገሡት።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶው እስኪያልቅለት እኔም አብሬው አለቀስኩ።